ግፊቴ ከንዴት ነው፤ ከተረጋጋሁ መድኃኒቱን ልተወው?

ጥያቄው ባጭሩ፦ «36 ዓመቴ ነው፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። አባቴ ካረፈ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ክሊኒክ ስለካ 158/96 ሆነና አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም ታዘዘልኝ። ቤት የገዛሁት መሣሪያ ግን አንዳንዴ 128/82 ይላል፤ ከባለቤቴ ጋር የተጨቃጨቅን ቀን ደግሞ 170 ገባ። እናቴ ‹ሐሳብ ነው ልጄ፣ ሐሳቡን ተዪው፣ ይተውሻል› ትለኛለች። ሲነሳብኝ ማጅራቴን ስለሚይዘኝ መድኃኒቱን የምውጠው ያን ጊዜ ብቻ ነው። እውነት ግፊት ከንዴት ይመጣል? ከተረጋጋሁስ መድኃኒቱን ማቆም እችላለሁ?»

እህቴ፣ አባትሽን ነፍስ ይማር፤ ለአንቺም መጽናናቱን ይስጥሽ።

መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። አዎ፣ ንዴትም ሐዘንም ሐሳብም ግፊት ከፍ ያደርጋሉ። እናትሽ ዝም ብለው አይደለም የሚናገሩት። ግን ተናደሽ ስትለኪ የሚወጣው ቁጥርና የግፊት በሽታ ለየቅል ናቸው። በሽታ የምንለው ቁጭ ብለሽ፣ ተረጋግተሽ፣ ማንም ሳይነካካሽ ስትለኪም ከፍ ብሎ የሚገኘውን ነው። ስለዚህ 170 የገባበት ቀን ያን ያህል አላሳሰበኝም። ያሳሰበኝ መድኃኒቱን «ሲነሳብኝ» ብቻ እያልሽ መዋጥሽ ነው፤ እሱ ላይ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ስትናደጂ ምን እንደሚሆን እንይ። ባለቤትሽ አንድ ቃል ይናገራል፤ ቃሉ ገና ጆሮሽ ውስጥ ሳለ አንጎልሽ «አደጋ» ብሎ መዝግቦታል። በሰከንዶች ውስጥ በነርቮች በኩል ለልብ፣ ለደም ሥሮችና ለኩላሊት ትእዛዝ ይሄዳል። ከኩላሊቶችሽ በላይ የተቀመጡት ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች አድሬናሊን ይለቃሉ። ልብ ይፈጥናል፣ ምቱም ይጠነክራል። የቆዳና የሆድ ዕቃ ደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ለዚህም ነው በጣም የደነገጠ ሰው እጁ የሚቀዘቅዘው። ያው ደም በጠበበ መንገድ ሲገፋ ግፊቱ ይወጣል። ኩላሊት ደግሞ በበኩሉ ሬኒን የሚባል ነገር ይለቅና ጨውና ውሃ አላስወጣም ብሎ ይይዛል። አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ ዋልተር ካነን ይህንን ምላሽ እ.ኤ.አ. በ1915 «ተዋጋ ወይም ሽሽ» በሚል ገልጾታል። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

እስከዚህ ድረስ ጤናማ ነገር ነው። ግፊት የሌለበት ሰውም ሲናደድ 160 ሊገባ ይችላል። ቆየት ብሎ ይወርዳል፣ አለቀ።

የማያልቀው ማብሰልሰሉ ነው። ጭቅጭቁ አሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ «እንዲህ ሲለኝ እንዲህ ብዬው ቢሆን ኖሮ» እያልሽ መገላበጡ ግን እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ይወስድሻል። በቤተ ሙከራ ሰዎችን አስቀምጠው «ያናደደሽን ነገር መልሰሽ አስቢው» ሲሏቸው፣ ሰውየው እዚያ ባይኖርም፣ ነገሩ ካለፈ ቢቆይም፣ ግፊታቸው እንደገና ይወጣል። ከተናደዱ በኋላ ሐሳባቸው ወደ ሌላ ነገር የተወሰደላቸው ሰዎች ደግሞ ቶሎ ይወርድላቸዋል፤ ብቻቸውን ቁጭ ብለው ከሚያብሰለስሉት ይልቅ ማለቴ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ስንት ጊዜ ተናደድሽ?» ብቻ አይደለም፤ «ከተናደድሽ በኋላ ስንት ሰዓት እዚያው ትቆያለሽ?» የሚለው ይበልጣል። «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ዝም ማለትም መፍትሔ አይደለም። ዝም ያለው አፍሽ ነው እንጂ ደም ሥርሽ አይደለም።

ይሄ በየቀኑ ሲደጋገም ነገሩ መልኩን ይቀይራል። አንገትሽ ላይ በሚያልፈው ትልቅ የደም ቧንቧ ግድግዳ ላይ ግፊትን የሚለኩ ነርቮች አሉ። ግፊት ሲወጣ ለአንጎል ይናገራሉ፣ አንጎልም ያወርደዋል። ግፊቱ ከፍ ብሎ ሲከርም ግን፣ ጩኸት እንደለመደ ዘበኛ፣ ያንን ከፍታ እንደ ጤናማ ይቆጥሩታል፤ መናገራቸውን ይቀንሳሉ። የትናንሽ ደም ሥሮች ግድግዳም በተደጋጋሚ ሲጨመቅ ይወፍራል፣ ውስጡ ይጠባል። እዚህ ደረጃ ከተደረሰ ንዴቱ ቢያልፍም ግፊቱ ላይመለስ ይችላል። «ሐሳቡን ተዪው፣ ይተውሻል» የሚለው ምክር ሁልጊዜ የማይሠራው ለዚህ ነው።

ማስረጃ አለ ወይ ካልሽኝ፣ አለ። እኔ በጣም የምወደው የጣሊያኑ ነው። ኡምብሪያ በሚባለው ክፍለ ሀገር ገዳማቸውን ዘግተው የሚኖሩ 144 ሴት መነኮሳትና በዚያው አካባቢ ተራ ኑሮ የሚኖሩ 138 ሴቶች ለ30 ዓመት ክትትል ተደርጎላቸው ነበር። የውጪዎቹ ሴቶች ግፊት ከዕድሜያቸው ጋር እየጨመረ ሄደ፤ የመነኮሳቱ ግን ከነበረበት ብዙም ፈቀቅ አላለም። በጨው አወሳሰድ የጎላ ልዩነት አልነበራቸውም። ዝምታ፣ ጸሎት፣ ሥራ፤ የልጅ፣ የባልና የቤት ኪራይ ጣጣ የለም። እርግጥ ገዳምና ከተማ በብዙ ነገር ይለያያሉ፤ «ልዩነቱ ሙሉ በሙሉ የጭንቀት ነው» ብሎ መማል አይቻልም። ግን ዝም ብሎ የሚታለፍም አይደለም።

ተቃራኒው ደግሞ ከጃፓን ነው። በጥር 1995 ኮቤን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ከ6,000 በላይ ሰው ገደለ። በዚያ አካባቢ ቀድሞውንም ግፊት የነበረባቸውና በክትትል ላይ ያሉ ሰዎች ከአደጋው በኋላ ሲለኩ ግፊታቸው ዘልሎ ተገኘ፤ በአብዛኞቹ ላይ ግን በሳምንታት ውስጥ ወደ ቦታው ተመለሰ። ቶሎ ያልተመለሰላቸው ኩላሊታቸው ቀድሞ የተነካባቸው፣ ማለትም ሽንታቸው ውስጥ ፕሮቲን የሚታይባቸው ነበሩ። እኔ ከዚህ የምወስደው፣ ድንጋጤው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ከማን ላይ እንደሚያርፍ ነገሩን እንደሚወስነው ነው። አባትሽ ወይም እናትሽ ግፊት ካለባቸው፣ ጨው ካበዛሽ፣ ኩላሊትሽ ከደከመ፣ ያው ሐዘን ከጎረቤትሽ ይልቅ አንቺን አጥብቆ ይይዝሻል።

ሦስተኛውን ባጭሩ። በ2021 ከአሜሪካ የወጣ ጥናት ግፊታቸው ጤናማ የነበረ 412 አዋቂዎችን ሽንት መርምሮ ለዓመታት ተከታተላቸው፤ ኮርቲሶልን ጨምሮ የጭንቀት ሆርሞኖቹ መጠን እጥፍ በሆነ ቁጥር ግፊት የመያዝ ዕድሉ ከ21 እስከ 31 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ።

ይሁንና በእኔ ልምድ ሐሳብ ከደም ሥሩ ይልቅ በጓሮ በር ገብቶ የሚሠራው ይብሳል። ሐሳብ ያለበት ሰው አይተኛም። ግፊት ሌሊት ሲተኙ ከ10 እስከ 20 በመቶ መውረድ አለበት፤ ያልተኛ ሰው ይሄ ዕረፍት ይቀርበታል። ሐሳብ ያለበት ሰው ምግብ ያበላሻል፦ ወይ ይተዋል፣ ወይ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ያገኘውን ጨዋማ ነገር ይጎርሳል። ቢራውን ወይም አረቄውን «ለእንቅልፍ» ይላል፤ መጠጥ ደግሞ ራሱ ግፊት ያወጣል። ጫት የሚቅም ከሆነ ያበዛል፤ ጫት አድሬናሊን የሚያደርገውን ነው የሚያደርገው፣ ለሰዓታት። ክትትል ይቀርበታል፣ መድኃኒት ይረሳል። በጾም ወቅት ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አይቀመስም ተብሎ ክኒኑ ጭራሽ ይዘለላል። ይህን ከሐኪምሽ ጋር ተነጋግሮ ሰዓቱን ማታ ማድረግ ይቻላል፤ ለመዝለል ምክንያት አይሆንም።

አንድ የምጠረጥረው ነገር ደግሞ አለ። ማጅራትሽን ሲይዝሽ ምን ትወስጃለሽ? ብዙ ሰው ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ ገዝቶ ይውጣል። ሁለቱም መድኃኒቶች ኩላሊት ጨውና ውሃ እንዲይዝ ስለሚያደርጉ ግፊት ያወጣሉ። «ግፊቴ ማጅራቴን ያዘኝ» ብለሽ የዋጥሽው ክኒን ግፊትሽን ከፍ እያደረገ ሊሆን ይችላል። አልፎ አልፎ የሚያስፈልግሽ ከሆነ ፓራሲታሞል ይሻላል። የወሊድ መከላከያ ክኒን የምትወስጂ ከሆነም ለሐኪምሽ ንገሪ፤ አንዳንዶቹ ግፊት ያወጣሉ።

አሁን ወደ ማጅራቱ። ግፊት ሲነሳ ይታወቀኛል የሚለው እምነት እዚህ አገር በጣም ሥር የሰደደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን እውነት አይደለም። ብዙ ሰው 170 ተሸክሞ፣ ምንም ሳይሰማው፣ ሥራውን ሠርቶ ይገባል። በ2015 በኢትዮጵያ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆናቸው ሰዎች ወደ 16 በመቶ የሚጠጉት ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ እነዚህ ሁሉ ማጅራታቸውን ይዘው አልተቀመጡም። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አጎንብሳ ደብተር የምታስታርቅ ሴት፣ በዚያ ላይ ያልተኛች፣ በዚያ ላይ የተናደደች፣ ማጅራቷን የሚይዛት በአብዛኛው ጡንቻዋ ነው። ሕመሙ ራሱ ደግሞ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ሲያምሽ ትለኪያለሽ፣ ከፍ ብሎ ታገኚዋለሽ፣ «ይኸው!» ትያለሽ። ሳያምሽ የለካሽባቸው ቀኖች ግን ጥቂት ናቸው።

መድኃኒቱስ? አምሎዲፒን ቀስ ብሎ የሚሠራ መድኃኒት ነው። ከዋጥሽው በኋላ ደም ውስጥ መጠኑ ጫፍ ላይ የሚደርሰው ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ ነው፤ ሥራው ሙሉ የሚሆነው ደግሞ በየቀኑ ሲዋጥ ከሳምንት በኋላ ነው። እንግዲህ ማታ 2 ሰዓት ላይ ተጨቃጭቀሽ፣ ማጅራትሽን ይዞሽ ብትውጪው፣ 3 ሰዓት ላይ የተሻለሽ በአምሎዲፒን አይደለም። ንዴቱ በርዶ ነው። መድኃኒቱ ሥራ የሚጀምረው አንቺ ተኝተሽ፣ ነገሩን ረስተሽ ነው፤ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ደግሞ ከሰውነትሽ እየወጣ ነው። በዚህ አወሳሰድ መድኃኒቱ ይሠራ አይሠራ አንቺም አታውቂም፣ ሐኪምሽም አያውቅም። የክሊኒኩ ሰው ደግሞ «አልወረደም» ብሎ ወደ 10 ሚሊግራም ያሳድገዋል፤ ከዚያ እግሬ አበጠ ብለሽ ትመጪያለሽ። ይሄን ብዙ ጊዜ አያለሁ።

ክሊኒክ 158፣ ቤት 128 መሆኑ ግን ቁም ነገር አለው። ሐኪም ፊት ሲሆኑ ግፊት የሚወጣባቸው ብዙ ናቸው፤ የነጭ ጋውን ግፊት ይባላል። በ1983 ጣሊያኖች ደም ሥር ውስጥ በገባ ቀጭን ቱቦ ያለማቋረጥ እየለኩ ሐኪሙ ወደ ክፍሉ እንዲገባ አደረጉ። የላይኛው ቁጥር በአማካይ 27፣ የታችኛው 15 ዘለለ፤ ሐኪሙ በገባ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ። እኛ ጋ ደግሞ ተጨማሪ አለው፦ ታክሲ ተጋፍተሽ መጥተሽ፣ ደረጃ ወጥተሽ፣ ሁለት ሰዓት ተሰልፈሽ፣ ሽንትሽ ወጥሮሽ፣ ሹራብሽ ላይ ጨርቁን ጠቅልለው እየነፉ «ምንሽን ነው ያመመሽ?» ይሉሻል፤ አንቺም ትመልሻለሽ። ማውራት ብቻውን ወደ 10 ይጨምራል። የወጠረ ሽንትም እንደዚያው። የነጭ ጋውን ግፊት ያለበት ሰው እያደር እውነተኛ ግፊት የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ይበልጣል፤ ስለዚህ «ክሊኒክ ብቻ ነው» ተብሎ አይተውም፣ ክትትል ይፈልጋል። ተቃራኒውም አለ። ክሊኒክ ደህና ሆኖ ቢሮ ከአለቃ ጋር ሲውል የሚወጣ። ይሄኛው ይብሳል፤ ማንም አያየውማ።

ስለዚህ ለአንድ ሳምንት ይህን አድርጊ። መሣሪያሽ ክንድ ላይ የሚታሰር ይሁን፤ የእጅ አንጓው ዓይነት ብዙ ያሳስታል። ጠዋት ከቁርስና ከመድኃኒት በፊት፣ ማታ ደግሞ ከመተኛትሽ በፊት ለኪ። ከዚያ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጣም። ሽንት ቤት ግቢ። ጀርባሽ ወንበሩን ተደግፎ፣ እግሮችሽ ሳይነባበሩ መሬት ነክተው፣ ክንድሽ ጠረጴዛ ላይ በልብሽ ትክክል ሆኖ አምስት ደቂቃ ዝም ብለሽ ተቀመጪ። ስልኩን አርቂው፣ ዜናም አትክፈቺ። ከዚያ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ለኪና ሁለቱንም ጻፊ፤ የማትወጂውን ቁጥር አትዝለዪ። የመጀመሪያውን ቀን ትተሽ የቀሩትን አማካይ አውጪ። ሒሳብ ለአንቺ አይከብድም። ቤት ውስጥ አማካዩ 135/85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት ነው። በዚህ ሳምንት መድኃኒቱን በየቀኑ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ውሰጂ። ከጭቅጭቅ በኋላ መለካት ደግሞ ይቅርብሽ፤ ቁጥሩን አይተሽ ደንግጠሽ፣ ድንጋጤው ቁጥሩን ከፍ አድርጎት፣ እንደገና ለክተሽ… ሌሊቱን ሙሉ ሲለኩ የሚያድሩ ሰዎች አሉ።

ማቆም እችላለሁ ወይ ላልሽው፦ ዛሬ ተነስተሽ አይደለም። 128/82 ያየሽበት ቀን ከዋጥሽ በኋላ ባለው ቀን ሊሆን ይችላል። በየቀኑ እየዋጥሽ አማካይሽ ለወራት ዝቅ ብሎ ከቆየ፣ እንቅልፍሽ ከተመለሰ፣ ጨውሽ ከቀነሰ፣ ከሐኪምሽ ጋር ሆናችሁ መጠኑን መቀነስ፣ ብሎም አቁሞ በየሳምንቱ እየለኩ ማየት ይቻላል። የሚሳካላቸው አሉ። አቴኖሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል የምትወስዱ ሌሎች አንባቢዎች ካላችሁ ግን በአንድ ቀን ቆርጣችሁ እንዳትተዉት፤ ልብ ላይ ይነሳል።

በ36 ዓመት ግፊት ሲገኝ «ጭንቀት ነው» ተብሎ መዘጋቱም ደስ አይለኝም። በተለይ ለሴቶች ይሄ መልስ ቶሎ ይወጣል። የሽንት፣ የኩላሊትና የፖታሲየም ምርመራ ተደርጎልሻል? የእንቅርት ሆርሞንስ? ታንኮራፊያለሽ ወይ፣ ባለቤትሽ ትንፋሽሽ ሲቋረጥ ሰምቶ ያውቃል? ድንገት እየመጣ የሚሄድ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ላብና የልብ ምት አንድ ላይ ካለ ደግሞ ከኩላሊት በላይ ያለችው ዕጢ ላይ እብጠት መኖሩ ይታያል። ብርቅ ነው፤ ግን ከጭንቀት ጋር ልክ ቁርጥ ይመሳሰላል።

ሐዘኑን በተመለከተ «አታስቢ» አልልሽም፤ ማን ችሎ ያውቃል። ለቅሶ ቤት ሰው እየመጣ፣ እየተለቀሰ፣ ቡና እየተፈላ ሐዘኑ ይወጣል፤ ከባዱ እንግዳው ተሸኝቶ ቤቱ ባዶ ሲሆን ነው። ስለ አባትሽ አብሮሽ የሚያወራ ሰው ፈልጊ፤ ወንድም ይሁን እህት፣ የንስሐ አባት ይሁን ሼህ፣ ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ። እንቅልፍ ማጣቱ፣ ነገር ሁሉ መጥላቱ፣ ማልቀሱ ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ካለ ግን ድብርት ሊሆን ይችላል፤ እሱም ይታከማል። ከሥራ ስትወጪ ሁለት ሦስት ፌርማታ በእግርሽ ሂጂ፤ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ የላይኛውን ቁጥር ወደ 5 ገደማ ያወርዳል፣ ማብሰልሰሉንም ይቆርጣል። ማታ ስትተኚ ትንፋሽን በደቂቃ ስድስት ጊዜ ያህል ቀስ አድርጎ፣ አወጣጡን ከአገባቡ አስረዝሞ ለአሥር ደቂቃ መተንፈስ ጥቂት ቁጥር ይቀንሳል። ትንሽ ናት፤ ግን በነጻ ናት። ጨው በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ መብለጥ የለበትም፤ በርበሬና ሽሮው ሲዘጋጅ የገባውን ጨው ቆጥረሽ። ቡናውን ከጎረቤት ጋር መጠጣት አትተዪ፤ ከሰዓት በኋላ ግን በረካው ይቅር፣ እንቅልፍሽን ነው የሚሰርቀው። ነጭ ሽንኩርትና ሽፈራው ምግብ ናቸው፤ ብዪ፣ በአምሎዲፒን ቦታ ግን አትተኪያቸው።

ቁጥሩ 180/120 ከደረሰና ምንም የማያምሽ ከሆነ አረፍ በዪ፣ ከደቂቃዎች በኋላ ድገሚ፤ ካልወረደ በዚያው ቀን ሐኪምሽን አግኚ። በመርፌ ይውረድልኝ ብለሽ አትሟገቺ፣ በአንዴ ማውረዱ ራሱ ጉዳት አለው። ደረት ከጨመቀሽ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ አፍሽ ከተኮላተፈ፣ አንድ እጅ ወይም እግር ከሰነፈ፣ ዓይንሽ ከጋረደ ግን መለካቱንም ተዪውና ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ልጅ የመውለድ ሐሳብ ካላችሁም ከመጸነስሽ በፊት ለሐኪምሽ ንገሪ። እንደ ኢናላፕሪል ያሉት የግፊት መድኃኒቶች ጽንሱን ስለሚጎዱ፣ ወደፊት መድኃኒት ሲቀየርልሽ ወደነሱ እንዳትገቢ ከወዲሁ ካርድሽ ላይ ይጻፍ።